ብል ያልበላው ማልያ

እስቲ ቀረብ በሉ። ከኋላ ያላችሁትም ወደዚህ ሳብ በሉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይደርስም። የዛሬው ወጌ ስለ አንድ አሮጌ ጥቁር ማልያ ነው።

በእኛ ሰፈር ቢሆን የዚህ ማልያ ዕጣ የታወቀ ነበር። መጀመሪያ ባለቤቱ ይለብሰዋል። ሲያጥረው ለታናሹ ይወርዳል። ክርኑ ሲሳሳ የሌሊት ልብስ ይሆናል፤ ሲብስበት ወለል መወልወያ። ከዚህ ሁሉ ከተረፈ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ በበሩ ሲያልፍ፣ ወይም ባለ ልዋጯ ዕቃዋን ተሸክማ ብቅ ስትል፣ ከሁለት ያረጁ ሱሪዎች ጋር ተጠቅልሎ በአንዲት የፕላስቲክ ጆግ ይለወጣል። አለቀ። ማን እንደለበሰው፣ የት እንደወደቀበት የሚጠይቅ የለም።

የወጌ ማልያ ግን ዕጣው ሌላ ሆነ። በኦክቶበር 2015 በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ፣ ሮጀርስ ጆንስ በሚባል የጨረታ ቤት ለሽያጭ ቀረበ። ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩም የነሱ ነውና ቅር አይበላችሁ። እናላችሁ፣ ማልያው ያን ጊዜ 110 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አንዱ ዋጋ ጠራ፣ ሌላው ጨመረበት፣ ያኛውም ጨመረ፤ መዶሻው ሲወርድ 180,000 ፓውንድ ላይ ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለራግቢ ማልያ ያን ያህል ብር የቆጠረ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

«ለአንድ ጨርቅ?» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ጨርቁን አይደለም የገዙት። ምን እንደገዙ እነግራችኋለሁ፤ ብቻ ነገሩ ከሥሩ ካልተያዘ አይጥምምና ከኳሱ ልነሳ።

ራግቢ ማለት እንግዲህ ያ ኳሷ እንደ እንቁላል የሆነች ጨዋታ ነው። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ለጓደኛ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው። ከባላጋራ መስመር ማዶ ወስዶ መሬት ያስነካት ሰው «ትራይ» አስቆጠረ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአንድ ትምህርት ቤት ነው፤ በእንግሊዝ አገር ራግቢ በምትባል ከተማ ከሚገኘው ትምህርት ቤት። ልጆቹ የሚጫወቱባትን ኳስ የሚሰፉላቸው ደግሞ የሰፈሩ ጫማ ሰፊዎች ነበሩ። አንዱ ዊልያም ጊልበርት ነው፤ ስሙ ዛሬም በኳሶች ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ። ሌላው ሪቻርድ ሊንደን ነው፤ ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት።

ያን ጊዜ ኳስ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከውጭ የተሰፋ ቆዳ፣ ከውስጥ የአሳማ ፊኛ። የእኛ ቋንቋ መቼም የልጆቹንም መጫወቻ የሆድ ዕቃውንም በአንድ ቃል «ፊኛ» ብሎ ጨርሶታል፤ እዚህ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፊኛው ገና እርጥብ እያለ በሸክላ ፒፓ ቀጭን እጀታ በአፍ ይነፋል። ኳሷም ክብ ሳትሆን ሞላላ የሆነችው ማንም አስቦበት አይደለም፤ አሳማው የሰጠው ቅርጽ ነው።

በሊንደን ቤት የምትነፋው ሚስቱ ርብቃ ነበረች። የ17 ልጆች እናት ናት። ልጅ ታጠባለች፣ ድስት ትጥዳለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ የአሳማ ፊኛ ትነፋለች። ፊኛ ደግሞ ከታመመ አሳማም ይወጣል። ርብቃ ሳንባዋን ታመመች፤ በዚያው ሞተች ይላሉ ታሪኩን የሚያወሩት። እኔ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ በሙዚየም መስታወት ውስጥ አሮጌ ኳስ በፎቶ ባየሁ ቁጥር፣ ማን መታት ሳይሆን ማን ነፋት የሚለው ነው የሚመጣብኝ።

ሊንደን ከዚያ በኋላ በፊኛው ፈንታ የላስቲክ ከረጢት አመጣ። ዘመኑ 1862 ገደማ ነው። ላስቲኩ ግን በአፍ አልነፋ አለ፤ ጠነከረ። እሱም ሐኪሞች ጆሮ የሚያጥቡበትን መርፌ አየና በዚያው አምሳል ትልቅ የናስ መንፊያ ሠራ። የባለቤትነት መብቱን ግን አላስመዘገበም። ጎረቤቱ ጊልበርት ስሙ በዓለም ዞረ፤ ሊንደንን ሰብሳቢዎች ናቸው የሚያስታውሱት። ዛሬ ስሙ ያለበት አሮጌ ኳስ ያገኘ ሰው፣ ያገኘውን ሳይናገር ቀስ ብሎ ከሱቁ ይወጣል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ካነሳን ዘንዳ አንድ ነገር ልጨምር። በ1823 ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል ኳሷን በእጁ አንስቶ ሮጠ፣ ራግቢም በዚያ ተጀመረ ይባላል። ዓለም ዋንጫው በስሙ ነው የሚጠራው። ወሬው የወጣው ግን በ1876 ነው፤ ኤሊስ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ። ያወራውም ማቲው ብሎክሳም የሚባል የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ ሲሆን ነገሩን በዓይኑ አላየም፤ ሰምቶ ነው። መጀመሪያ 1824 ብሎ ነበር፣ ኋላ 1823 አለ። እንግዲህ ፍረዱ። ይህን ታሪክ ማልያ ነው ብላችሁ ለጨረታ ብትወስዱት አጫራቹ ከደጅ ይመልሳችኋል። ዋንጫውስ ቢሆን? በለንደን ጋራርድ የሚባል የብር ሠሪ ቤት በ1906 የሠራው፣ ወርቅ የተቀባ የብር ዋንጫ ነው። ከራግቢ ጋር ምንም ሳያገናኘው ሰማንያ ዓመት ኖሮ በ1987 ነው የተመረጠው።

አሁን ወደ ማልያችን።

በ1905 ከኒው ዚላንድ አንድ ቡድን በመርከብ ወደ ብሪታንያ መጣ። ልብሳቸው ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ደረታቸው ላይ የፈርን ቅጠል በብርማ ቀለም። «ኦል ብላክስ» የሚለው ስም በዓለም የተሰማው በዚያ ጉዞ ነው። አምበላቸው ዴቭ ጋላኸር ይባላል፤ አየርላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ኒው ዚላንድ የገባ፣ በደቡብ አፍሪካ በቦር ጦርነት የዘመተ ሰው። እንግሊዝን፣ ስኮትላንድን፣ አየርላንድን አንድ በአንድ ረቱ። በዚያ ጉዞ ሁሉ 35 ጨዋታ ተጫውተው 976 ነጥብ አገቡ፤ የገባባቸው 59 ብቻ ነው። የተሸነፉትም አንድ ጊዜ ነው።

ያ አንድ ጊዜ ዲሴምበር 16 ቀን 1905 ነው። ቦታው ካርዲፍ።

ሜዳው ከጠዋት ጀምሮ ሞላ፤ 47,000 ሰው ገደማ። ኒው ዚላንዶቹ እንደ ልማዳቸው ሀካቸውን ጨፈሩ፤ የማኦሪዎች ፉከራ ነው፣ ጭን እየመቱ፣ እግር እየደለቁ። ፉከራ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ፎካሪ ፊት ዝም ብሎ መቆም እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን። ዌልሶቹም ዝም አላሉም። ቴዲ ሞርጋን የሚባለው ተጫዋች ብሔራዊ መዝሙራቸውን አነሳ፣ ሕዝቡም ተቀበለው፤ ያ ሁሉ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ። ከስፖርት ውድድር በፊት ብሔራዊ መዝሙር የተዘመረው የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ፣ ይላሉ።

ይኸው ቴዲ ሞርጋን ነው ትራይ ያገባው። ትራይ በዚያ ዘመን ሦስት ነጥብ ነው። ሦስት ለዜሮ።

በሁለተኛው አጋማሽ ግን ነገር መጣ። ቦብ ዲንስ የሚባል ግዙፍ የኒው ዚላንድ ወጣት ኳሷን ይዞ ወደ መስመሩ ገሰገሰ። ያዙት። ወደቀ። ከመስመሩ ማዶ ነው ወይስ ከዚህ? ዳኛው ስኮትላንዳዊው ጆን ዳላስ ከኋላ ቀርቶ ነበር፤ ሲደርስ ኳሷ ከመስመሩ ወዲህ ናት። አልገባም አለ። ዲንስ «አስነክቼ ነበር፣ ጎትተው መለሱኝ» ብሎ በማግስቱ ለጋዜጣ ቴሌግራም መታ። በ1908 በ24 ዓመቱ በትርፍ አንጀት ሕመም ሞተ፤ ክርክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም። ዛሬም ካርዲፍ ውስጥ ጠጅ ቤት እንደምንለው ዓይነት ቤት ገብታችሁ «ዲንስ አግብቶ ነበር» ብትሉ የምትጠጡትን አታጡም፤ የምትጠጡት ግን ፊታችሁ ላይ ተደፍቶ ሊሆን ይችላል።

የጨረታው ማልያ የዚያን ቀን ጋላኸር የለበሰው ነው። የተሸነፈው አምበል ማልያ። በሌላ ቀን አሸንፎ የለበሳቸው ሁሉ እያሉ፣ ዋጋ ያወጣው የተሸነፈበት ነው። ከጨዋታው በኋላ ማልያው ከባለቤቱ ጋር ወደ ኒው ዚላንድ አልተሳፈረም፤ በዌልስ ምድር ቀረ።

ጋላኸርስ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዕድሜው ገፍቶ ሳለ ዘመተ። ኦክቶበር 4 ቀን 1917 ቤልጂየም ውስጥ በፓሸንዴል ጦርነት ወደቀ። መቃብሩ ፖፐሪንገ አጠገብ ባለው የወታደሮች መካነ መቃብር ነው፤ ድንጋዩ ላይ የፈርን ቅጠል ተቀርጿል። እሱ በፍላንደርስ ጭቃ ሲቀር፣ የካርዲፍ ጭቃ የነካው ማልያው ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው የገዙት።

ግን ቆዩ፤ ማልያው የጋላኸር መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥቁር ጨርቅ ሞልቷል፤ ፈርን ጥልፍም ማንም ይጠልፋል። እዚህ ላይ ነው የሰብሳቢዎቹ ሙያ። በኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? እነሱም ለማልያው ይቆጥሩለታል። ከተጫዋቹ እጅ ማን ወሰደው? ከዚያስ ማን ወረሰው? መቼ ሞተ? ደብዳቤ አለ? ፎቶግራፍ አለ? አንዲት ቤት ከጎደለች ዋጋው ይወርዳል። ሐረጉ ሙሉ ከሆነ ግን ከነእድፉ፣ ከነቀዳዳው ወርቅ ነው።

ቀዳዳውማ እንዲያውም ምስክር ነው። ማልያው በጨዋታው ቀን ከተነሣ ፎቶ ጋር ይመሳከራል፤ እጅጌው ላይ ያለው ስፌት፣ ቁጥሩ ዘመም ያለበት፣ ጥልፉ ከአንገቱ የራቀበት ስንዝር። ፋብሪካ ሁለት ማልያ አንድ ዓይነት አድርጎ አይሰፋም፤ የሰፊዋ እጅ አንድ ቦታ ይዛነፋል። ከዚያ የአንገቱ ምልክት ይታያል። «የ1920ዎቹ ነው» የተባለ ማልያ ውስጥ «በማሽን እጠቡ» የሚል ምልክት ከተገኘ፣ ሻጩ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይሄዳል። በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያዩም አሉ። የዛሬ ሳሙና ልብስ የሚያነጣ ኬሚካል ስላለው፣ አዲስ ጨርቅና አዲስ ክር በዚያ መብራት ሥር እንደ ጨረቃ ያበራል፤ አሮጌው ግን ደብዛዛ ነው። ፊርማም ቢሆን እንዲሁ። በ1905 ቡድን ፎቶ ላይ በቢክ እስክሪብቶ የተፈረመ ያመጣ ሰው ነበር ቢሏችሁ አትሳቁ፤ ያ እስክሪብቶ ለሽያጭ የወጣው በ1950 መሆኑን ሁሉም አያውቅም።

ሦስት ቃል ደግሞ አለ፤ ገና ጀማሪው የሚበላባቸው። አንዱ «በጨዋታ የተለበሰ» ነው። ሁለተኛው «ለጨዋታ የተዘጋጀ» ነው፤ ለተጫዋቹ ተሰፍቶለት ተቀምጦ የቀረ። ሦስተኛው ከሱቅ የሚገዛው አምሳያ ነው። ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን አንዳንድ ጊዜ የመኪና ዋጋ ነው።

እቤት ያስገባው ሰው ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይገጥመዋል። እናቶቻችን ያውቁታል፤ ብል ይባላል። የድሮ ማልያ ሱፍ ያለበት ከሆነ ብል እንደ ዶሮ ወጥ ነው የሚበላው። ስለዚህ አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ጠቅልለው፣ ከብርሃን አርቀው፣ አጋድመው ያስተኙታል፤ በመስቀያ ከሰቀሉት በራሱ ክብደት ትከሻው ይረግባል። ዋናው ትእዛዝ ግን አንድ ነው፤ አትጠቡት! ጭቃው የሜዳው ነው፣ ደሙ የሰውየው ነው። ስንት ደግ ሚስትና ስንት ደግ እናት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የልጅ ልጆቻቸውን ሀብት በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጥተውት ይሆን!

ማልያ ብቻ መሰላችሁ እንዴ የሚሰበሰበው? የጨዋታ ፕሮግራም አለ፤ በር ላይ በሳንቲም ተገዝቶ ከጨዋታ በኋላ የሚጣል ወረቀት። ስለሚጣል ነው የሚወደደው፤ ያልጣለው ሰው ጥቂት ነዋ። ኮፍያ አለ። አገሩን ወክሎ የተሰለፈ ሰው ዘርፍ ያለው የከፋይ ኮፍያ ይሰጠዋል፤ «እገሌ 50 ኮፍያ አለው» ሲሉ ሃምሳ ጊዜ ተሰለፈ ማለታቸው ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ ሃምሳ ኮፍያ ተደርድሮ አይደለም።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ፊሽካው ነው። ጂል ኢቫንስ የተባለ የዌልስ ዳኛ በ1905 እንግሊዝና ኒው ዚላንድ ሲጫወቱ የነፋው ፊሽካ ነው። ያው ፊሽካ በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የራግቢ ፍጻሜ ተነፋ፤ የነፋው አልበርት ፍሪዚ የሚባል ሌላ የዌልስ ዳኛ ነው፣ ያሸነፈችው ደግሞ ማንም ያልጠበቃት አሜሪካ ናት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ለንደን ትዊክነም ላይም ይኸው ሰው በዚሁ ፊሽካ ሲሪል ብራውንሊ የሚባለውን የኒው ዚላንድ ተጫዋች ከሜዳ አስወጣ። በአገሮች ጨዋታ ከሜዳ የተባረረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዛሬ ፊሽካው በኒው ዚላንድ ፓልመርስተን ኖርዝ በሚገኘው የራግቢ ሙዚየም ይኖራል፤ ግን ጡረታ አልወጣም። ከ1987 ጀምሮ ዓለም ዋንጫ ሲከፈት ከመስታወቱ ይወጣና በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ጨዋታ በሱ ይጀመራል። ሰው ሁሉ ዕቃ ሲያረጅ ያሳርፈዋል፤ እነሱ ሲያረጅ ሥራ ይሰጡታል። እሰየው ነው የምለው።

በዚያው በ1925 ጨዋታ ላይ ሌላም ነገር ሆነ። ሳንቲም ሊጣል አምበሎቹ ቆመዋል፤ ኪስ ሲፈተሽ ሳንቲም ጠፋ። ሄክተር ግሬይ የሚባል ከኒው ዚላንድ የመጣ ተመልካች ፍሎሪን ከኪሱ አውጥቶ አበደረ፤ ፍሎሪን የሁለት ሽልንግ ሳንቲም ነው። ሲመለስለት አልመነዘረውም። በአንዱ ጎኑ የእንግሊዝን ጽጌረዳ፣ በሌላው የኒው ዚላንድን ፈርን አስቀረጸበት። ሻይ ሊጠጣበት ይችል ነበር እኮ! ሰብሳቢ ማለት እንግዲህ ይህ ሰው ነው፤ ነገሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ያወቀ።

የገንዘብ ነገር ከተነሳ የካልካታ ዋንጫን ሳልነካ አላልፍም። በሕንድ በካልካታ የነበሩ እንግሊዞች በ1873 የራግቢ ክለብ አቋቋሙ። ክለቡ ነፃ መጠጥ ነበረው። ነፃው መጠጥ ሲቀር አባላቱም ቀሩ፤ መቼም ይህ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ ነው አትሉኝም። ክለቡ ሲፈርስ የቀረውን ገንዘብ ከባንክ በብር ሩፒ አወጡ፤ 270 ሩፒ። አቅልጠው ዋንጫ አሠሩት። መያዣዎቹ ሦስት ኮብራ እባቦች፣ ክዳኑ ላይ ዝሆን። ከ1879 ጀምሮ እንግሊዝና ስኮትላንድ ይፎካከሩበታል። በ1988 ታዲያ ከጨዋታው በኋላ የእንግሊዙ ዲን ሪቻርድስና የስኮትላንዱ ጆን ጄፍሪ፣ ሞቅ ሲላቸው፣ ይህን ዋንጫ ይዘው ኤዲንብራ ጎዳና ላይ ወጡና እንደ ኳስ ተጫወቱበት። ጠዋት ዋንጫው ተጨማዶ ተገኘ። ስኮትላንዶች ጄፍሪን ስድስት ወር አገዱት፤ እንግሊዞች ሪቻርድስን አንድ ጨዋታ ብቻ። ፍርዱ አንድ አለመሆኑ እስካሁን የሚያንገበግባቸው ስኮትላንዳውያን አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የማልያ ቁጥርም የራሱ ወግ አለው። ድሮ ቁጥር አልነበረም። እንዲያውም አንድ የስኮትላንድ ሹም፣ ንጉሡ ጆርጅ አምስተኛ «ተጫዋቾቻችሁ ለምን ቁጥር የላቸውም?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ይህ ራግቢ ነው እንጂ የከብት ገበያ አይደለም ብለው መለሱ ይባላል። ለንጉሥ! ሌስተር የሚባለው የእንግሊዝ ክለብ ደግሞ በቁጥር ፈንታ ፊደል ይለጥፍ ነበር፤ ሦስቱ ከፊት የሚገፉት ጎረምሶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ስለሆኑ «የኤቢሲ ማኅበር» ተባሉ። ስለዚህ በጀርባው ፊደል ያለበት የሌስተር ማልያ ያገኘ ሰው፣ ሀ ሁ እንደሚማር ልጅ ደስ ይለዋል።

የጋላኸር ማልያ ክብረ ወሰን ስንት ዓመት የቆየ ይመስላችኋል? ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላ። በፌብሩዋሪ 2023 በዚያው በካርዲፍ፣ በዚያው የጨረታ ቤት፣ ሌላ ማልያ 240,000 ፓውንድ አወጣ። ይህኛው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የባርባሪያንስ ማልያ ነው። ባርባሪያንስ ሜዳም ክለብ ቤትም የሌለው፣ ከየክለቡ በግብዣ የሚሰባሰብ ቡድን ነው፤ ማልያቸው አንድ ሆኖ ካልሲያቸው ግን የየክለባቸው ነው፤ እንደ ሠርግ ቤት አጃቢ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1973 ካርዲፍ ላይ ከኦል ብላክስ ጋር ገጠሙ። ፊል ቤኔት ከራሱ ጎል ደጅ አንሥቶ አንዱን አታለለ፣ ሌላውን አታለለ፣ አቀበለ። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠች፤ መጨረሻ ላይ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ከኋላ ተወርውሮ መጣና ከመጨረሻው እጅ ላይ ነጥቆ በግራ ጥግ ዘለለ። የምንጊዜም ድንቅ ትራይ ይሉታል። የተሸጠው እሱ የለበሰው ማልያ ነው።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ራግቢ እስከ ኦገስት 1995 ድረስ በሕግ አማተር ነበር። ተጫውቶ ገንዘብ የተቀበለ ይባረራል። የከሰል ማዕድን ቆፋሪው፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ለልፋቱ የሚቀረው ማልያው፣ ኮፍያውና የተሰበረ ጣቱ ነው። ኤድዋርድስ ራሱ ጨዋታ ካቆመ በኋላ የሕይወቱን ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ ክፍያ ስለተቀበለ እንደ ባለሙያ ተቆጠረና ከራግቢ ሥራ ታገደ። ለመጽሐፉ ሳንቲም መውሰድ ነውር የሆነበት ሰው፣ ላቡ የነካው ማልያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ 240,000 ፓውንድ አወጣ። እነዚያ ማልያዎች ሣጥን ውስጥ የቆዩትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ደሞዝ ስላልነበረ። ደሞዝ ቢኖር ኖሮ ማልያውን ማን ያስቀምጠው ነበር?

«የኛስ?» እንዳትሉኝ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ፣ የዓለም ሰብሳቢ ሁሉ የሚሻማበትን ጫማ ሊተውለት ይችል ነበር። አልተወለትም፤ በባዶ እግሩ ነዋ የሮጠው!

አንድ ማልያ ቀረኝ። አረንጓዴ ነው፤ የአንገቱ ክፈፍ ወርቃማ፣ ጀርባው ላይ 6 ቁጥር። ጁን 24 ቀን 1995፣ ጆሃንስበርግ፣ ኤሊስ ፓርክ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ደቡብ አፍሪካ ኒው ዚላንድን በጭማሪ ሰዓት 15 ለ12 አሸነፈች፤ የማሸነፊያዋን የመታው ጆኤል ስትራንስኪ ነው። ግን ማልያው የሱ አይደለም። የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን ቁጥር ለብሶ ሜዳ የገባው የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላ። ያ አረንጓዴ ማልያ ለጥቁሩ ሕዝብ የገዢዎቹ ልብስ ነበር። ያ ቡድን ሲጫወት ጥቁሮቹ ለባዕዱ ቡድን ነበር የሚያጨበጭቡት። ማንዴላ እሱን ለብሶ ብቅ ሲል አብዛኛው ነጭ የሆነው ስታዲየም «ኔልሰን! ኔልሰን!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ቀን በፊት ያ ማልያ ምን እንደነበር የማያውቅ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አይገባውም።

ማንዴላ ካልኩ ደግሞ ወደ ኮልፌ ሳልወስዳችሁ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ የጦር ሠፈር ሲሠለጥኑ፣ ከአሠልጣኞቹ በላይ የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። ሥልጠናው ስድስት ወር ሊሆን ታስቦ በሁለት ወር ገደማ ተቋረጠ፤ አገራቸው ፈለገቻቸው። ሲሰናበቱ ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር አበረከቱላቸው። ማንዴላ ይዘውት ገቡና ሪቮኒያ፣ ሊሊስሊፍ በሚባለው የእርሻ ቅጥር ግቢ ቀበሩት። ኦገስት 5 ተያዙ። ከ27 ዓመት እስር በኋላ ወጥተውም ጠቆሙ፤ ተቆፈረ፣ ተፈለገ፤ የለም። እርሻው በዚያ መሐል ተሸንሽኖ የመኖሪያ ሰፈር ሆኖ ነበር።

የጋላኸርን ማልያ አስታውሱ። እዚያ ዕቃው ነበረ፤ ሰባት ቤቱን የሚቆጥርለት ምስክር ነው የተፈለገው። እዚህ ምስክሩ ሙሉ ነው። ማን እንደሰጠ ይታወቃል፣ ማን እንደተቀበለ ይታወቃል፣ ተቀባዩ ራሳቸው በመጽሐፋቸው ጽፈውታል፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አንዲት ቤት አትጎድልም። ዕቃው ብቻ የለም። ምናልባት በአንዱ ሰው ሳሎን ሥር ነው፣ ምናልባት ከአንዲት ሴትዮ ጽጌረዳ ሥር ነው፤ ከኮልፌ የሄደው ብረት እዚያ ተኝቷል።

እስቲ ከመካከላችሁ ዶማ ያለው?